የማይንትስ ሪፐብሊክ (1793)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በራይን ወንዝ ዳር ተወልዶ በወራት ውስጥ ስለጠፋው ሪፐብሊክ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ዘመኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የማይንትስ ሪፐብሊክ ምንድን ነው?

ዛሬ በምዕራብ ጀርመን በምትገኘው በማይንትስ ከተማ ማርች 18 ቀን 1793 የታወጀ ሪፐብሊክ ነው። በጀርመን ምድር በምርጫ የተሰየመ ምክር ቤት ተሰብስቦ ሥልጣን የመሳፍንት ሳይሆን የሕዝብ ነው ብሎ ሲያውጅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በወረቀት ላይ ግዛቱ ከላንዳው እስከ ቢንገን የተዘረጋ የራይን ግራ ዳርቻ ነው። ቮርምስንና ሽፓየርን የመሳሰሉ ከተሞችም አሉበት። ነገሩ የተፀነሰው፣ የታወጀውም ሆነ የሞተው ግን በአንዲት ከተማ ግንብ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የከተማ ሪፐብሊክ አድርጎ የሚያስበው።

ከዚያ በፊት ማይንትስን ማን ነበር የሚገዛት?

ሊቀ ጳጳስ። ያውም ተራ ሊቀ ጳጳስ አይደለም። በዚያ ዘመን ጀርመን አንድ አገር አልነበረችም። ቅዱስ የሮማ ግዛት በሚባል ሰፊ ጥላ ሥር ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽና ትልልቅ ግዛቶች ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱን የሚመርጡት ጥቂት ታላላቅ መሳፍንት ናቸው፤ የማይንትስ ሊቀ ጳጳስ ከእነሱ አንዱ ነው። የመላው ግዛት ሊቀ ቻንስለርም እሱ ነበር። መስቀሉንም ሰይፉንም የያዘው አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

በ1792 በመንበሩ ላይ የነበረው ፍሪድሪሽ ካርል ዮሴፍ ፎን ኤርታል ነው። ጨካኝ ነበር ማለት አይቻልም። በ1784 ዩኒቨርሲቲውን አድሶ፣ ፕሮቴስታንት ምሁራንን ሳይቀር ከሌላ አገር አስመጥቶ ነበር። ኋላ ላይ በመንበሩ ላይ የተነሡት ብዙዎቹ እነዚሁ እሱ ራሱ የቀጠራቸው ፕሮፌሰሮች ናቸው። ይህን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

ፈረንሳዮች እንዴት ገቡ?

ያለ ብዙ ውጊያ። ፈረንሳይ በ1792 ከኦስትሪያና ከፕረሺያ ጋር ጦርነት ገጥማ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ የጀርመን መሳፍንት ማይንትስ ላይ ተሰብስበው የፈረንሳይን አብዮት እንዴት እንደሚደመስሱ መከሩ። ከተማዋ ከፈረንሳይ በተሰደዱ መኳንንት ተሞልታ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ጄኔራል ኩስቲን የተባለ የፈረንሳይ አዛዥ ሽፓየርን ያዘ፣ ቮርምስን ያዘ፣ ወደ ማይንትስ ገሠገሠ። ሊቀ ጳጳሱ ቀድሞ ሸሸ፤ መኳንንቱም ተከተሉት። ኦክቶበር 21 ቀን 1792 ከተማዋ እጅ ሰጠች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኩስቲን ከገባ በኋላ ለሕዝቡ የሰጠው ቃል፣ ዕጣችሁን የሚወስነው ያልተገደደ የራሳችሁ ፈቃድ ነው የሚል ነበር። የድሮውን አገዛዝ ብትመርጡም መብታችሁ ነው አላቸው። ይህን ቃል ያዙት፤ ወደ ምርጫው ስንመጣ እንመለስበታለን።

“የክለቡ ሰዎች” የሚባሉት እነማን ናቸው?

ከተማዋ በተያዘች በሁለተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 23፣ ሃያ ሰዎች በሊቀ ጳጳሱ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ተሰብስበው “የነፃነትና የእኩልነት ወዳጆች ማኅበር” የሚባል ክለብ መሠረቱ። አርአያቸው የፓሪስ አብዮተኞች የሚሰበሰቡበት የያኮቢን ክለብ ነው። ጀርመኖች “ክሉቢስት” ይሏቸው ጀመር፤ የክለቡ ሰዎች እንደማለት። በኋላ ቃሉ ስድብ ሆነ። ክለቡ በደህናው ጊዜ ወደ 500 የሚጠጉ አባላት ነበሩት። የከተማዋ ሕዝብ 25 ሺህ ገደማ ብቻ እንደነበር ስናስታውስ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ከፊት የቆሙት ምሁራን ናቸው። ሐኪሙና ፕሮፌሰሩ ጌኦርግ ቬደኪንድ አለ። የሒሳብ መምህሩ ማቲያስ ሜተርኒሽ አለ። ፍልስፍናና ሕግ የሚያስተምረው አንድሬያስ ዮሴፍ ሆፍማን አለ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጌኦርግ ፎርስተር ደግሞ በኖቬምበር መጀመሪያ ተቀላቀለ። ከኋላቸው የእጅ ባለሙያዎች፣ ትንንሽ ነጋዴዎችና ተማሪዎች ነበሩ። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ስለነበር፣ ዕድሜ ልኩን ስለ መንግሥት አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው መጥቶ ክርክር ይሰማል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ይህ ነው።

ሴቶች ነበሩበት?

ክርክሩን መጥተው ማዳመጥ ይችሉ ነበር። አባል መሆንም ሆነ መምረጥ ግን አይችሉም። “እኩልነት” የሚለው ቃል እዚያ ላይ ቆሟል።

ዋጋ ከመክፈል ግን አልዳኑም። የፎርስተር ቤተሰብ ወዳጅ የነበረችው ካሮሊነ ቦመር፣ ኋላ በጀርመን የሥነ ጽሑፍ ዓለም ስሟ የገነነው ሴት፣ በ1793 ጸደይ ከማይንትስ ስትወጣ በፕረሺያ ወታደሮች ተያዘች። ኬኒግሽታይን ምሽግ ውስጥ ከትንሽ ልጇ ጋር ታሰረች። ወንጀሏ ከእነዚያ ሰዎች ጋር መታየቷ ነበር።

ቀዩ መጽሐፍና ጥቁሩ መጽሐፍ ምንድን ናቸው?

በኖቬምበር 1792 የክለቡ ሰዎች ሁለት መዝገቦች አዘጋጁ። ነፃነትን የሚፈልግ ቀዩ ላይ ይፈርም፤ ባርነትን የሚፈልግ ጥቁሩ ላይ ይፈርም አሉ።

በእኔ አስተያየት ክለቡ ካጠፋቸው ጥፋቶች የመጀመሪያው ይህ ነው። ስሙን በባርነት መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ማን አለ? ብዙው ሰው ሁለቱንም ሳይፈርም ቤቱ ተቀመጠ። መሐል ላይ የቆመ፣ የሚያመነታ፣ ትንሽ ማሻሻያ ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚፈርምበት ቦታ አልተተወለትም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ደግሞ ብዙ ነበሩ። የነጋዴዎቹ ማኅበር ለምሳሌ ሊቀ ጳጳሱ ሥልጣኑ ተገድቦ እንዲቀጥል የሚያደርግ የራሱን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

ምርጫው እንዴት ተካሄደ? ለምንስ ጥቂት ሰው ብቻ መረጠ?

በጣም የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በዲሴምበር 15 ቀን 1792 የፓሪስ ምክር ቤት የተያዙ አገሮችን የሚመለከት አዋጅ አወጣ። አሥራትና የጭሰኝነት ግዴታ ይቅር፤ የመኳንንት መብት ይሻር፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ አዲስ አስተዳደር ይምረጥ አለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን መራጭ ለመሆን አስቀድሞ ለነፃነትና ለእኩልነት መማል ግድ ሆነ። የድሮውን ጌታ እመርጣለሁ ማለት አይቻልም። ኩስቲን በኦክቶበር የሰጠው “ያልተገደደ ፈቃድ” እዚህ ላይ አለቀ።

በፌብሩዋሪ 1793 የፈረንሳይ ኮሚሽነሮች መሐላውን ያስፈጽሙ ጀመር። ቀሳውስት፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የሙያ ማኅበራት ሰዎች ማሉ ተባሉ። አንምልም ያሉት ወደ ራይን ማዶ ተባረሩ። አንዳንድ መንደር ላይ ምርጫው የተካሄደው ወታደር ቆሞ ነው። ምርጫው ፌብሩዋሪ 24 ሲጀመር 21 ዓመት የሞላው፣ ሎሌ ያልሆነና መሐላውን የፈጸመ ወንድ ሁሉ የመምረጥ መብት ነበረው፤ የንብረት መጠን አልተጠየቀም። ለዘመኑ እጅግ ሰፊ መብት ነው። ይሁንና በማይንትስ ከተማ ድምፅ የሰጠው 372 ሰው ብቻ ሆነ። መምረጥ ከሚችለው ከመቶ 8 ገደማ ማለት ነው። በገጠሩም ከ900 ገደማ ቦታዎች ወደ 130 የሚሆኑት ብቻ ተወካይ ላኩ።

ለምን? አንዱ ምክንያት እንጀራ ነው። የማይንትስ ሠዓሊ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰሪ፣ ወይን ሻጭ የሚኖረው በቤተ መንግሥቱ፣ በመኳንንቱና በቤተ ክህነቱ ገንዘብ ነበር። እነሱ ሲሸሹ ደንበኛው ሁሉ ሄደ። ሌላው ፍርሃት ነው። ፕረሺያና ሄሰን ዲሴምበር 2 ላይ በአቅራቢያው ያለችውን ፍራንክፈርትን ከፈረንሳዮች አስለቅቀዋል። ነገ ሊቀ ጳጳሱ ተመልሶ ማን ማለ፣ ማን አልማለም ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ላይ ሃይማኖት አለ፤ ካቶሊክ ከተማ ናት፤ መሐላውን እምቢ ብለው የተባረሩት ቄስ የሕዝቡ የንስሐ አባት ናቸው። ከዚህም ሁሉ ጋር ወታደሩን የሚያበላው ያው ሕዝብ ነው። ቤቱ ያልጠራው ወታደር የገባበት ሰው ስለ ነፃነት የሚነገረውን በደስታ ይሰማል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ማርች 18 ምን ታወጀ?

የተመረጡት ተወካዮች ማርች 17 በራይን ዳር ባለው ዶይችሃውስ በሚባለው ትልቅ ሕንፃ ተሰበሰቡ። በመክፈቻው የተገኙት 65 ገደማ ናቸው። ስማቸውን “የራይን ጀርመናውያን ብሔራዊ ጉባኤ” አሉት። ፕሬዚዳንቱ ሆፍማን፣ ምክትሉ ፎርስተር ሆኑ። በማግስቱ ሆፍማን ከሕንፃው ሰገነት ላይ ሆኖ አዋጁን አሰማ።

አዋጁ አጭርና ግልጽ ነው። ተወካይ የላከው ምድር ሁሉ ከላንዳው እስከ ቢንገን ከአሁን ጀምሮ ነፃና የማይከፋፈል አንድ መንግሥት ነው፤ በነፃነትና በእኩልነት ላይ ለተመሠረቱ ሕጎች ይገዛል። ብቸኛው ሕጋዊ ባለሥልጣን ነፃው ሕዝብ ነው። ከጀርመን ንጉሠ ነገሥትና ከግዛቱ ጋር ያለው ማንኛውም ግንኙነት ተቋርጧል። የተሻሩት መሳፍንት በስማቸው ተዘርዝረው፣ ሥልጣናቸውን ለማስመለስ የሚሞክር በሞት ይቀጣል ተባለ። ከ300 በላይ ግዛቶች ባሉበት አገር፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሊቀ ቻንስለር በሚኖርበት ከተማ፣ በጀርመንኛ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሰገነት ሲነበብ ይታያችሁ።

ታዲያ ለምን በሦስተኛው ቀን ራሳቸውን ለፈረንሳይ ሰጡ?

ብቻቸውን መቆም ስለማይችሉ። ማርች 21 ጉባኤው ወደ ፈረንሳይ ሪፐብሊክ እንቀላቀል ብሎ ወሰነ። ፎርስተር ለዚህ ሐሳብ አጥብቆ ተከራከረ። የፕረሺያ ጦር በራይን ማዶ ነበር፤ ከራይን ግራ ዳርቻ ያለች ትንሽ አገር ያለ ፈረንሳይ አንድ ሳምንት አታድርም። ዛሬ ላይ ሆኖ “ነፃነታቸውን አሳልፈው ሸጡ” ማለት ቀላል ነው። እነሱ ግን ፈረንሳይን የሚያዩት እንደ ባዕድ አገር አልነበረም፤ አንድ ሐሳብ አገር የሆነበት ቦታ አድርገው ነበር።

ፎርስተር፣ አዳም ሉክስ የሚባል ገበሬና የፍልስፍና ዶክተር፣ እንዲሁም ፖቶትስኪ የተባለ ነጋዴ ጥያቄውን ይዘው ፓሪስ ሄዱ። የፓሪሱ ጉባኤ ማርች 30 ተቀበላቸው። ሦስቱም ለጥቂት ሳምንት ብለው ነበር የወጡት። ከኋላቸው መንገዱ ተዘጋ።

በአጠቃላይ ስንት ቀን ቆየ?

እንደ አቆጣጠሩ ነው። ከአዋጁ እስከ ከተማዋ መውደቅ፣ ማለትም ከማርች 18 እስከ ጁላይ 23፣ 127 ቀን ነው። ራሱን የቻለ መንግሥት ሆኖ የቆየውን ብቻ ከቆጠርን ግን እስከ ማርች 30፣ 12 ቀን። ጉባኤውም በማርች መጨረሻ ሥራውን ጨርሶ ተበተነ።

ከበባው ምን ይመስል ነበር?

የፕረሺያ፣ የኦስትሪያና የሌሎች የጀርመን መሳፍንት ጦር በማርች መጨረሻ ራይንን ተሻግሮ ኤፕሪል 14 ከተማዋን ዙሪያዋን ዘጋ። የፕረሺያ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ዳግማዊ ራሱ መጥቶ ነበር። በውስጥ 23 ሺህ ገደማ የፈረንሳይ ወታደር፣ ከነሱ ጋር ደግሞ የከተማው ሕዝብ አለ። ምግብ እያለቀ ሄደ። ገንዘብም ስለጠፋ ፈረንሳዮቹ እዚያው ባለ 1፣ ባለ 2 እና ባለ 5 ሶል ሳንቲም አተሙ፤ “የማይንትስ የከበባ ገንዘብ” የሚል ጽሑፍ አለበት። ዛሬም የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። በላዩ ላይ የተጻፈው የመንግሥት ስም ግን “የፈረንሳይ ሪፐብሊክ” ነው።

በጁን አጋማሽ የመድፍ ድብደባው ወደ ከተማው ዞረ። በየሌሊቱ ቤት ይቃጠላል። ካቴድራሉ በእሳት ተያያዘ፤ የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያንም ፈረሰ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የተባረሩት ሰዎች ነገር ነው። ፈረንሳዮቹ ምግብ ለመቆጠብ ሲሉ የማይዋጋውን ሰው ከግንቡ አስወጡ። ከባቢዎቹ ደግሞ አናሳልፍም አሉ። ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ በሁለቱ ጦር መካከል፣ በመድፍ ሥር ቀረ።

ገጣሚው ጎተ ከቫይማር መስፍን ጋር ሆኖ ይህን ሁሉ ከከባቢዎቹ ሰፈር ያይ ነበር፤ በኋላም ጽፎታል። ከተማዋ ጁላይ 23 እጅ ስትሰጥ ፈረንሳዮቹ ለአንድ ዓመት ከተባባሪዎቹ ጦር ጋር ላለመዋጋት ቃል ገብተው መሣሪያቸውን እንደያዙ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው። ሲወጡ ማርሴዬዝ የሚባለውን የአብዮቱን መዝሙር ቀስ ባለ ምት እየመቱ ነበር፤ ጎተ ይህ ልብ የሚነካና የሚያስፈራ እንደነበር ጽፏል።

የክለቡ ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን ደረሰባቸው?

የመውጣት ስምምነቱ ለፈረንሳይ ወታደር እንጂ ለእነሱ አልሠራም። አንዳንዶቹ የፈረንሳይ ዩኒፎርም ለብሰው ከጦሩ መሐል አመለጡ። ሌሎቹን ሕዝቡ ከሰልፉ እየጎተተ አወጣ። ተደበደቡ፣ ቤታቸው ተዘረፈ። ለወራት በፍርሃትና በረሃብ የኖረ ሰው ንዴቱን የጣለው በጎረቤቱ ላይ ነው። ጎተ አንድ ሰው ሊደበደብ ሲል ገብቶ እንዳስጣለው ይናገራል። ለምን ብለው ሲጠይቁት ሥርዓት አልበኝነትን ከማይ ፍርደ ገምድልነት ብሠራ እመርጣለሁ አለ። ይህ አባባሉ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የተያዙት ወደ ኬኒግሽታይን፣ ኤረንብራይትሽታይንና ኤርፉርት ምሽጎች ተላኩ። ብዙዎቹ የተፈቱት ፈረንሳዮች ከያዟቸው ሰዎች ጋር ተለዋውጠው በ1795 ገደማ ነው። ሊቀ ጳጳሱም ወደ መንበሩ ተመለሰ።

ጌኦርግ ፎርስተር ማን ነበር? ለምን ሁሉም ስለ እሱ ያወራል?

ምክንያቱም በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ዓለምን በዓይኑ ካዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። በ1754 ዳንሲግ አጠገብ ተወለደ። በ17 ዓመቱ ከአባቱ ጋር በካፒቴን ጄምስ ኩክ መርከብ ተሳፍሮ ከ1772 እስከ 1775 ዓለምን ዞረ፤ አንታርክቲካ አጠገብ ያለውን በረዶ፣ ታሂቲን፣ ኒውዚላንድን አየ። ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ ገና በ22 ዓመቱ ታዋቂ አደረገው። የማይንትስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሆነው በ1788 ነው። ወጣቱን አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትን በ1790 በራይን በኩል ይዞ እስከ እንግሊዝ የተጓዘው እሱ ነው።

አብዮቱ ሁሉን ወሰደበት። ሚስቱ ቴሬዘ ልጆቹን ይዛ በ1792 መጨረሻ ከማይንትስ ወጣች፤ ትዳሩም ፈረሰ። የጀርመን ግዛት ከሕግ ውጭ አድርጎ በራሱ ላይ ዱካት በሚባለው የወርቅ ገንዘብ 100 ዋጋ ቆረጠ። ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወረቀቶቹ፣ ሁሉም ማይንትስ ቀረ። ፓሪስ ውስጥ አብዮተኞቹ ጠላት ያሉትን ሁሉ የገደሉበትን ሽብር በዓይኑ አየ። በደብዳቤዎቹ ላይ ያየው ነገር ልቡን እንደሰበረው ይታያል፤ ያም ሆኖ አብዮቱን አልካደም። ቤተሰቡን ለመጨረሻ ጊዜ በኖቬምበር 1793 ስዊዘርላንድ ድንበር አካባቢ ለጥቂት ቀን አገኘ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1794 በፓሪስ ታሞ ሞተ። 39 ዓመቱ ነበር።

አዳም ሉክስ ለምን በጊሎቲን ተገደለ? የገደሉት መሳፍንቱ ናቸው?

አይደሉም። የገደለው እቀላቀልሃለሁ ብሎ የሄደበት ሪፐብሊክ ነው። ሉክስ ማይንትስ አጠገብ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እርሻ ላይ የሚኖር፣ ፈላስፋውን ረሶን ያነበበ ብቻ ሳይሆን የኖረ የሚባልለት ዓይነት ሰው ነበር። ፓሪስ ሲደርስ የጠበቀውን አላገኘም፤ ያየው ወንድም ወንድሙን ሲያሳድድ ነው።

ማራ የተባለውን የአብዮት መሪ የገደለችው ሻርሎት ኮርዴ ጁላይ 17 ቀን 1793 አንገት ወደሚቆርጠው ጊሎቲን ስትወሰድ ቆሞ አያት። በጣም ተነካ። እሷን የሚያወድስና በሥልጣን ላይ ያሉትን የሚያወግዝ ጽሑፍ በስሙ አሳትሞ አወጣ። ምን እንደሚመጣበት አሳምሮ ያውቃል። ኖቬምበር 4 ተገደለ። ማይንትስን የያዘው ጄኔራል ኩስቲንም በኦገስት በዚያው ስለት ሄዷል፤ ከክሶቹ አንዱ ማይንትስን ማጣቱ ነበር።

አሻንጉሊት መንግሥት ነበር ወይስ እውነተኛ ዴሞክራሲ?

ይህ ጀርመኖችን ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የብሔርተኝነት ዘመን የክለቡ ሰዎች ከሃዲ ተብለው ተረገሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምሥራቅ ጀርመን የአብዮት አያቶቼ ናቸው ብላ አነሣቻቸው፤ ምዕራቡ ደግሞ በጥርጣሬ ሲያያቸው ቆየ።

የእኔን ልንገራችሁ። ያለ ፈረንሳይ ጦር አንድ ቀን አይኖርም ነበር፤ ይህ ሐቅ ነው። በግድ የተማለ መሐላም ነፃ ምርጫ አይባልም። ሆኖም ሁሉን በፈረንሳይ ማላከክ እነዚያን ሰዎች መበደል ነው። ክለቡን የመሠረቱት የከተማው ነዋሪዎች ናቸው፤ ጋዜጣ ያሳተሙት፣ በየመንደሩ ዞረው ያስረዱት፣ አዋጁን የጻፉት እነሱ ናቸው። ሆፍማን ራሱ በጃንዋሪ 1793 ክለቡ መሐል ተነሥቶ የፈረንሳዮችን አስተዳደር በግልጽ ነቅፏል። አሻንጉሊት እንዲህ አያደርግም። ያላመኑበትን ለማስመሰልም ሰው አገሩን፣ ትዳሩንና አንገቱን አይሰጥም። ያጡት አንድ ነገር ጊዜ ነው። ጎረቤታቸውን ለማሳመን ዓመታት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያገኙት አምስት ወር ነው፤ የጎደለውን በወታደር ለመሙላት ሞከሩ። ያ ነው የጎዳቸው።

ዛሬ ምን ቀረ?

ዶይችሃውስ አለ። ሪፐብሊኩ የታወጀበት ያ ሕንፃ አሁን የራይንላንድ ፋልስ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ በ2013፣ 220ኛው ዓመት ሲታሰብ፣ “የማይንትስ ሪፐብሊክ አደባባይ” ተባለ። ይህን ስም ለማግኘት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ሌላውን ያቆየው ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ነው። ፈረንሳዮች በ1797 መጨረሻ ተመልሰው እስከ 1814 ከተማዋን ገዙ። በዚያ ጊዜ የገባው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ እነሱ ከወጡም በኋላ አልተነሣም። በራይን ግራ ዳርቻ እስከ 1899 መጨረሻ ሠርቷል። የጭሰኝነት ግዴታም ተመልሶ አልመጣም።

ከመሥራቾቹ እስከ መጨረሻው የቆየ አለ?

አንድሬያስ ዮሴፍ ሆፍማን። ከሰገነቱ ላይ አዋጁን ያነበበው ሰው። ከማይንትስ ተርፎ ወጣ፤ ኋላ ፈረንሳዮች ሲመለሱም ተመለሰ፤ እርጅናውን በራይንጋው ውስጥ ቪንከል በምትባል የወይን አገር አሳለፈ። ናፖሊዮን ሲመጣና ሲሄድ፣ ጀርመኖች በ1848 ፍራንክፈርት ላይ የመላ አገሩን ምክር ቤት ሲያቆሙ፣ ያም ምክር ቤት በ1849 ጁን በወታደር ሲበተን አየ። ሦስት ወር ቆይቶ በሴፕቴምበር ሞተ። 97 ዓመቱ ነበር።